የታጠፈው ቆርቆሮ

ሁስና ስታወራው ንክሻው በየቀኑ ይሰፋል። የመጀመሪያው ዕለት «ጫር አደረጋት» ነበር ያለችው። በማግስቱ ነከሳት ሆነ፣ ቆይቶ ጥርሱ አጥንት ነካ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ በአጥሩ ክፍተት ለጎረቤታቸው ለይመኙሻል ስትነግራት ውሻው ልጇን ባቷን ይዞ ከበር እስከ ጓሮ ጎተታት። ይመኙሻል ታሪኩን ከነጭማሪው ታውቀዋለች፤ ቢሆንም የጉርብትና ደንብ ነውና እንደ አዲስ እየሰማች በየመሐሉ «እኔን፣ እኔን» ትላለች። ሀኪማ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ የውሻውን ሳህን በቀይ አፈር እየፈተገች ሁሉንም ትሰማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ምላሷን ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የአንድ ለአምስቱን መሪ «እርስዎ የሚሉት ትናንት በሬዲዮ አልፏል» ብላ ሰው አስቃበታለች። የወንድሟ ሚስት ሁስና አንድ ቃል ስትጨምር እሷ ሁለት ቃል ትቆርጥላት ነበር። አሁን ግን ሳህኑ ጠርቶም አፈሩን መልሳ ትነሰንሳለች፣ መልሳ ትፈትጋለች፤ ቀና ካለች ሁስና «አይደለም እንዴ ሀኪማ?» ብላ ምስክር ታደርጋታለችና።

ውሻው ቦራ ይባላል። ግንባሩ ላይ ባለችው ነጭ ምልክት ስሙን ያወጡለት እትዬ ብርቅዬ ናቸው፤ ከመንገዱ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከመሥሪያ ቤት ታይፒስትነት ጡረታ የወጡ ሴት። እትዬ ብርቅዬ በገበያ ቀን ከብት ተራ ሄደው የሚቆሙት ሊገዙ አይደለም። ከየገጠሩ ከብት ተነድቶ ወደ ቦንጋ ሲመጣ የእረኛው ውሻ አብሮ ይመጣል፤ ከብቱ ተሽጦ መኪና ላይ ሲጫን፣ ባለቤቱም ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ውሻው ማንን እንደሚከተል ይቸግረዋል። አብዛኞቹ ጌታቸውን ይከተላሉ። አንዳንዶቹ ግን መኪናው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ፤ ሥራቸው ከብቱ እንጂ ሰውየው አልነበረማ። ድንጋይ ሲወረወርባቸው ፈቀቅ ይሉና ተመልሰው እዚያው ይቀመጣሉ። እነዚህን ነው እትዬ ብርቅዬ በገመድ እየሳቡ የሚያመጡት። እሺ ያለ ቤት ለጊዜው በአደራ ያስቀምጧቸዋል፣ ከዚያ ከብት ያለው ገበሬ ፈልገው ይሰጧቸዋል። ሰው ሲስቅባቸው «እኔ ውሻ አላሳድግም፤ ሥራ አስቀጣሪ ነኝ» ይላሉ።

ሙስሊም ቤት ውሻ ማስገባት ግን የዋዛ አይደለም። ውሻ ያለበት ቤት መላኢካ፣ የአላህ መልአክ፣ አይገባም ይባላል፤ የሀኪማ ታላቅ ወንድም ከሊል ደግሞ ቤቱን መላኢካ እንዲርቀው የሚፈልግ ሰው አይደለም። ሀኪማ ደግሞ ትምህርት ቤት ያልሰጣትን ሁሉ ከመጽሐፍና ከሬዲዮ የለቀመች ናት፤ ለከብት፣ ለእርሻና ለአደን የሚያገለግል ውሻ እንደሚፈቀድ ከነማስረጃው አቀረበችለት። ያኔ ግቢው ውስጥ አንዲት ላምና ጥጃዋ ነበሩ። ከሊል ጢሙን ሲያሻሽ ቆይቶ «ለላሟ ከሆነ» አለ፤ ቦራም ለላሟ ብሎ ገባ። ቧንቧው አጠገብ ቀይ አፈር በጣሳ ተቀመጠ፤ ውሻው አፉን የከተተበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል፣ ይህም የሀኪማ ሥራ ሆነ። ለጥቂት ወራት ሁሉም ቦታውን ያውቅ ነበር። ከዚያ ከሊል ሱቁን ሊያስፋፋ ላሟን ከነጥጃዋ ሸጠ። ላሟ ስትሄድ ካስማዋ ቀረ፣ ቦራም ቀረ፤ አሁን ይኼ ውሻ ምን ሊሠራ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሥራውን ራሱ ፈለገ። የከሊልንና የሁስናን የአምስት ዓመት ልጅ ፋኢዛን ይጠብቅ ጀመር። ወደ በሩ ስትጠጋ ቀድሟት ይቆማል፣ በትከሻው ይገፋታል፣ እምቢ ካለች የቀሚሷን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ወደ ግቢው መሐል ይመልሳታል። ልጅቷ በሳቅ ትፈርሳለች። ሁስና ግን «ልጄን ጥጃ አደረጋት» እያለች ትነጫነጭ ነበር።

ያን ዕለት ሁስና ለቅሶ ሄዳ ልጅቷን ለሀኪማ ትታላት ነበር። ሀኪማ በሩን ገርበብ አድርጋ ከመንገዱ ማዶ የቆመው፣ ሰብሃት የሚባለው የሰፈሩ ልጅ ባጃጅ ውስጥ ገባች፤ ያውም የሹፌሩ ወንበር ላይ። ሰብሃት ከኋላ ሆኖ ማርሹን እየነገራት፣ እሷ መሪውን ጨብጣ የቆመ ባጃጅ ስትነዳ ነበር። ከዚህ ያለፈ ምንም የለም። ግን ይህን ቦንጋ ላይ ማን ያምናል? የከሊል እህት፣ የክርስቲያን ልጅ ባጃጅ ውስጥ፣ ማርሽ ልትማር ገብታ ነው ቢባል ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ከሊል ግን አይስቅም። ቀና ስትል ፋኢዛ መሐል መንገድ ላይ ነበረች፣ ከላይ ደግሞ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ቁልቁለቱን ይዞ ይመጣል። ቦራ ከበሩ ተወንጭፎ ወጣ። የልጅቷን ቀሚስ ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት፣ ዞሮ በደረቱ እየገፋ በገርባባው በር አስገባት፤ ስትገባ ባቷ ከበሩ ቆርቆሮ ተገንጥሎ የወጣው ጠርዝ ጋር ተላተመ። መኪናው አቧራውን በትኖ አለፈ። ሀኪማ መንገዱን ተሻግራ ስትደርስ፣ ሁስና ከለቅሶ ተመልሳ በጓሮ በር ገብታ፣ ደም የሚወርዳት ልጅና አጠገቧ ምላሱን አውጥቶ የቆመ ውሻ አይታ እሪታዋን አቅልጣው ነበር።

ፋኢዛ «ቆርቆሮው ነው» ብላ ነበር። በግልጽ ብላለች። እናቷ «ዝም በይ እናቴ፣ ደንግጠሽ ነው» አለቻት። ልጅቷ ሀኪማን አየቻት። ሀኪማ ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አንሥታ ውሻው ላይ ጣለችው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚረዝም አይደለም። ሲመሻሽ ሁስና ልጅቷን ስታስተኛ ሀኪማ ድንጋይ አንሥታ ወደ በሩ ሄደች፣ የተገነጠለውን ጠርዝ በጨርቅ አፍና ወደ ውስጥ ቀጠቀጠችው፣ እስኪተኛ ድረስ አጠፈችው። ሌላ ልጅ እንዳይቆርጥ ነው አለች ለራሷ። ግቢው ውስጥ ሌላ ልጅ አልነበረም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ባለሙያው ቁስሉን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሁስና «ውሻ» አለች፣ ውሻው ክትባት እንደሌለውም ተናገረች፤ ሰውየውም በቀረበለት ነገር ላይ ተመሥርቶ የውሻ መርፌ በየቀኑ ሆዷ ላይ ትወጋ ብሎ አዘዘ።

የማመላለሱ ሥራ የሀኪማ ነው፤ ሁስና መርፌ አይታ መቆም አትችልም። ዛሬም ሳህኑን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ፋኢዛን ይዛ ወጣች። ባጃጅ አልያዘችም። ሰብሃት ከሩቅ አይቷት ጥሩምባውን አጭር ነፋ፤ እሷ ግን የጎማ ጥገና ቤቱን እንደምትመረምር ሁሉ ፊቷን ወደዚያ አዙራ አለፈች። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ስለ ስኳር ያወራል፤ ስኳር ጠፍቷል፣ ያለበትም ሱቅ የሚሰጠው ለዘመዱ ነው፣ ዘይቱም እንዲሁ። አንዲት ሴት ሀኪማን አውቃት «የከሊል እህት አይደለሽ? እሱስ ይሰጣል፣ ከጨረሰም ጨርሻለሁ ይላል፤ ደብቆ አያውቅም» አለች። እውነት ነው። ከሊል ጣሳው የተጨማደደ ድልህ ሲሸጥ የተጨማደደውን ጎን ወደ ገዢው አዙሮ ነው የሚያስቀምጠው። ክዳኑ የላላ ፔርሙዝ ከሆነ ሞልቶ አዘንብሎ ያሳያል። የዕቃን እንከን ደብቆ መሸጥ ሆድ ውስጥ እሳት መክተት ነው ብሎ ያምናል፤ ሰዎች ከሌላ ሰፈር ድረስ የሚመጡለት ለዚሁ ነው። ሀኪማ በወንድሟ ስትኮራ የኖረች ናት። ሴትየዋ ስታመሰግነው ግን ጆሮዋ ጋለ።

ተራቸው ሲደርስ ፋኢዛ ማንም ሳይነግራት አልጋው ላይ ወጣች፣ በጀርባዋ ተኛች፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ደረቷ ሰበሰበችው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ሰው ነበር የሚይዛት። ሆዷ ላይ ያለፉት መርፌዎች ቀይ ሆነው አብጠዋል። ነርሷ ያላበጠ ቦታ በጣቷ እየፈለገች፣ ልጅቷን ለማጫወት «ማነው እንዲህ ያደረገሽ የኔ ቆንጆ?» አለቻት። ፋኢዛ ጣሪያውን እያየች «ቦራ ነክሶኝ ነው» አለች። ሀኪማ ይህን ከልጅቷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እናቷ ብላዋለች፣ ጎረቤቱ ብሎታል፣ አባቷ ብሎታል፤ ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ ሲጠይቋት ዝም ነበር የምትለው። መርፌው ሲገባ ዓይኗን ጨፈነች እንጂ አላለቀሰችም። ሀኪማ ከጥጥና ከስፒርት ሽታው ሸሽታ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ተመለሰችና ልጅቷን አቀፈቻት። ልጅቷም እንደ ትልቅ ሰው ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

ቤት ሲደርሱ እትዬ ብርቅዬ በሩ ላይ ገመድ ይዘው ቆመው ነበር። ነገሩ ዛሬ ማለቅ አለበት። ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከተማውን እየዞረ፣ ነገ ውሻ የሚገድል መድኃኒት ስለሚበተን ውሻ ያለው እንዲያስር፣ ባለቤት የሌለው እንደሚወገድ ሲለፍፍ ሰንብቷል። ከሊልም ቃሉን ሰጥቷል፤ ዛሬ የሚወስደው ሰው ካልተገኘ ነገ ጠዋት ፈትቶ ይለቀዋል፣ ልጁን የነከሰ ውሻ ግቢው ውስጥ አይኖርም። የእትዬ ብርቅዬ ግቢ በሌሎች ሞልቷል፤ አከራያቸውም አንድ ተጨማሪ ውሻ ካዩ እሳቸውንም እንደሚያስወጡ ነግረዋቸዋል። ቢሆንም ሲፈልጉ ከርመው አንድ ሰው አግኝተዋል፤ ሺሺንዳ አጠገብ ያሉ፣ ጋሽ ኃይለመስቀል የሚባሉ ገበሬ፣ ጅብ ጥጆቻቸውን የጨረሰባቸው። ዛሬ የሺሺንዳ ገበያ ነው፤ ከሊል በሹፌሩ በያህያ አይሱዙ ሳሙና፣ ጨውና የላስቲክ ጫማ ጭኖ ይሄዳል። ውሻውም አብሮ ይጫናል። ሁስና ከቤት አልወጣችም። ቦራ ከላሟ ካስማ ላይ ሲፈታ ወደ ፋኢዛ ሊሄድ ገመዱን ሳበ፤ ልጅቷ ከበሩ መቃን ኋላ ተደበቀች።

እትዬ ብርቅዬና ከሊል ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ሀኪማ ገመዱን ይዛ ከላይ፣ የጨው ጆንያው ላይ ወጣች፤ ውሻው ከሷ በቀር ማንንም አይሰማም፣ ከሊል ደግሞ ለዝሁር መስገድ ስላለበት ልብሱን ማስነካት አይፈልግም። መንገዱ እየተሠራ ነው፤ ቀይ አቧራው ጫካውን እስከ ቅጠሉ ጫፍ ቀብቶታል። ቦራ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ወደ እሷ እየተጠጋ መጥቶ በመጨረሻ እርጥብ አፍንጫውን ጭኗ ላይ አሳረፈ። ቀሚሷን አፈር አስነክታ ማጠብ ይኖርባታል፤ ግን አልገፋችውም። ሰው ሲሆን በምላሷ ትመልሳለች፤ መልስ የማይፈልግ ፍጡር ፊት ግን ምን እንደሚባል አታውቅም። ካልታሰበ ቦታ ሁሉ ቃል የምታመጣ ሴት ናት፤ ያን ዕለት «ቆርቆሮው ነው» የሚሉ ሁለት ቃላት፣ ያውም አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ የጀመረችላት፣ ከአፏ አልወጡም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን በላዩ ላይ አንድ ድንጋይ ጨመረበት፤ ዛሬ ብትናገር ትናንት ለምን ዝም አልሽ ይባላል፣ ስለዚህ ዛሬም ዝም። ቢያንስ ውሻው ይተርፋል ብላ ተጽናናች። ጥሩ ሰው ያገኛል፣ ከብት ያገኛል፤ መርፌውም ቢሆን ያልቃል። ይህን እያሰበች የፋኢዛ እጅ እንደ ጠዋቱ ጀርባዋን መታ መታ ሲያደርጋት ተሰማት።

ጋሽ ኃይለመስቀል ከከብት ተራው ጫፍ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ይጠብቁ ነበር። ሊሸጧት ያመጧት አንዲት ጊደርና አብረዋት የተነዱ ሁለት ላሞች አጠገባቸው ይግጣሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያስቸኩላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። ከጠዋት ጀምሮ ብብታቸው ሥር ያዋሉት ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ ነበር፤ አዲስ ውሻ የሰውየውን ላብ የነካ ምግብ ከገዛ እጁ ከበላ ሌላ ቤት አይሄድም። እትዬ ብርቅዬ ይህን ያውቃሉ፤ ቆጮውን ያልበላ ውሻ ለማንም አስረክበው አያውቁም። በመጀመሪያ ግን ሽማግሌው ገመዱን ፍቱለት አሉ። ሀኪማ ፈታችው። ቦራ ለጥቂት ጊዜ ሰውየውንም እሷንም ረስቶ ቆመ፤ ከብቶቹን እያየ አፍንጫው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሰፊ ዙር ሠርቶ ከበስተኋላቸው ገባ፣ ፈንጠር ያለችውን ጊደር ከጎን መጥቶ ወደ ሁለቱ ላሞች አስጠጋት፣ ተመልሶ ፊት ለፊታቸው ተኛ። አልጮኸም፣ ማንንም አልነካም። ሽማግሌው በካፊኖኖ ቋንቋ አንድ ነገር ተናግረው አፏጩ፤ ውሻው እዚያው ተኝቶ ጆሮውን ወደ እሳቸው መለሰ። ሀኪማ እነዚያን ወራት ሁሉ በአማርኛ ስትጠራው እንዲህ ዞሮላት አያውቅም። እትዬ ብርቅዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ፈገግ አሉ።

ጋሽ ኃይለመስቀል ረክተዋል። ኮባውን መፍታት ጀመሩና እጃቸው ሳይቆም፣ እንዲሁ ለወጉ ያህል፣ «ሰው ነክሶ ያውቃል?» አሉ።

እትዬ ብርቅዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ይኼ ውሻ ማለት» ብለው ሲጀምሩ ከሊል አቋረጣቸው።

«ልጄን ነክሷል» አለ። «ደብቄ አልሰጥዎትም። ትንሽ ልጅ ናት፤ አሁንም መርፌ ላይ ነች።»

ሽማግሌው እጃቸው ቆመ። ኮባውን ቀስ ብለው መልሰው ጠቀለሉት፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ቤታቸው የልጅ ልጆች እንዳሉ፣ ውሻው እጅግ ጥሩ እንደሆነ፣ ግን ሰው የቀመሰ ውሻ ልጅ ካለበት ቤት እንደማያስገቡ ተናገሩ። ከዚያ የከሊልን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡና መረቁት። እንዲህ ያለ ነጋዴ አላውቅም፣ ሌላ ሰው ቢሆን ደብቆኝ ይሄድ ነበር፣ ልጅህን ይማርልህ አሉት። ከሊል አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ተቀበለ። እትዬ ብርቅዬ ገመዱን ከመሬት አነሡ። ነገ ጠዋት ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ቦራ ብቻ ምንም ሳያውቅ ከከብቶቹ ፊት ተኝቶ ቀጣዩን ፉጨት ይጠብቃል። ሀኪማ የወንድሟን ፊት አየች። እውነት የተናገረ ሰው ፊት ነበር፤ የሰላም ፊት። በዚያ ሰላም ውስጥ ያለው ውሸት የሷ ነው፤ ሳያውቀው አፉ ላይ አድርጋለት ነው፣ እሱም ጣሳውን እንደሚያዞር ሁሉ ለሰው አዙሮ ያሳየው።

«አልነከሳትም» አለች።

ከሊል ወደ እሷ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ቆርቆሮው ነው። የበራችን ቆርቆሮ። መንገድ ላይ ነበረች፣ ገልባጭ ሊደፈጥጣት ሲል ጎትቶ አስገባት። ስትገባ ቆረጣት።»

«አንቺ የት ሆነሽ ነው ያየሽው?»

ይህን ጥያቄ ነበር እነዚያን ቀናት ሁሉ ስትሸሸው የከረመችው። መጥቶ ሲደርስ ከፈራችው ያነሰ ድምፅ ነበረው። «ማዶ» አለች። «ማዶ የት?» አለ። «ሰብሃት ባጃጅ ውስጥ። ሹፌሩ ወንበር ላይ። መንዳት ሊያሳየኝ።»

ከሊል መሬት መሬቱን አየ። ጋሽ ኃይለመስቀል አንዴ ወንድምየውን አንዴ እህትየዋን ተመለከቱና፣ ያለ ቁጣ፣ «ከሁለታችሁ ማንን ልመን?» አሉ። ገበያው ከኋላቸው ይንጫጫል፤ አንድ ሰው በዕቃ ዋጋ ይማማላል። ከሊል ሲናገር ወደ ሀኪማ አልዞረም።

«እሷን ይመኑ» አለ። «እኔ አልነበርኩም። የነገርኩዎ የነገሩኝን ነው።»

ሽማግሌው ወደ ውሻው ሄደው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፣ እጃቸውን አፉ አጠገብ አደረጉ፣ ጆሮውን ሳቡ፣ ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን አዩ። ከዚያ ኮባውን ከኪሳቸው አወጡ። ቦራ ቆጮውን በላ፣ መዳፋቸውንም ላሰ። ገመዱን ሀኪማ ነበረች ያስረከበችው። ከብቶቹ ሲነዱ ዞር ብሎ ያየኛል ብላ ጠበቀች። አላያትም። ላሞች ነበሩት።

እትዬ ብርቅዬ መኪናው ጋ እስኪደርሱ አብረዋት ሄዱ። ሁልጊዜ «ልጄ» ነበር የሚሏት፤ አሁን አላሏትም። «የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ መጥተሽ ነበር» አሉ። «ምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁሽ። እኔንም ዝም አልሽኝ።» ከዚያ ዞር ብለው ሳያዩዋት ከሹፌሩ ጎን ወጡ።

ሲመለሱ ከሊል ከላይ፣ ባዶ ጆንያዎቹ ላይ አብሯት ተቀመጠ። ውሻው የተኛበትን ቦታ እንኳ አልሸሸም። ስለ ሰብሃት ይጠይቀኛል፣ ይሰድበኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ ምላሽም አዘጋጅታለች፣ ቁጣውን በቁጣ የምትመልስበት። እሱ ግን የጫካውን ዳር ማየት ያዘ። ከብዙ መንገድ በኋላ ነው አፉን የከፈተው።

«ስትወጋ ታለቅሳለች?»

«መጀመሪያ ታለቅስ ነበር» አለች ሀኪማ። «አሁን ቀሚሷን ራሷ ናት የምታነሣው።»

ከሊል ፊቱን አዞረ። ሽርጡን አስተካከለ፣ እንደገና አስተካከለ። ወደ ከተማው ሲቃረቡ «ለሁስና አንቺ ትነግሪያታለሽ» አለ።

ሁስና ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የፋኢዛን ጸጉር ትሠራ ነበር። ክፍሉ እንደ ወትሮው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የተጣለው ዳንቴል፣ ግድግዳው ላይ የመካ ሥዕል፣ ጥግ ላይ ለሱቅ የመጡ የኦሞ ካርቶኖች። ከሊል ጫማውን አውልቆ በሩ አጠገብ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም። ሀኪማ ተናገረች፤ ቆርቆሮውን፣ ገልባጩን፣ ባጃጁን። ሁስና ሚዶውን ልጅቷ ጸጉር ላይ ሰክታ ትታ ሰማቻት። ስትጨርስ አልጮኸችም። ልጅቷን ወደ ራሷ አዙራ «ፋኢዛ፣ ቦራ ነክሶሻል?» አለቻት።

«አዎ ነክሶኛል» አለች ፋኢዛ። እናቷን አየች፣ አባቷን አየች፣ እንዳላመኗት ስለመሰላት ቀጠለች። «ባቴን ይዞ ከበር እስከ ጓሮ ጎተተኝ። ጥርሱ አጥንት ነካ።»

የማን ቃል እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ አወቀ፤ ከሁሉ በፊት ሁስና። ብድግ ብላ ወጣች፣ ወደ በሩ ሄደች፤ ሀኪማ ተከተለቻት። ሁስና ቆርቆሮውን ከላይ እስከ ታች በመዳፏ ዳሰሰችው። ምንም የሚቆርጥ ነገር የለም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቀጥቅጦ ወደ ውስጥ የታጠፈ ጠርዝ ጣቷ ላይ መጣ፤ የድንጋዩ ምልክት ቀለሙን ልጦታል።

«ማነው ያጠፈው?»

«እኔ» አለች ሀኪማ።

«መቼ?»

«ያን ዕለት። አንቺ ስታስተኛት።»

ሁስና እጇን ከቆርቆሮው ላይ ሳታነሣ ቆየች። እስከዚህ ድረስ ሀኪማ ነገሩን መርሳት፣ መደንገጥ፣ መፍራት ብላ ልትጠራው ትችል ነበር። የታጠፈው ጠርዝ ግን ሌላ ስም አልነበረውም። ሁስና ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሀኪማ እንዲህ ስትናገር ሰምታት አታውቅም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ለባለሙያው አንቺ ትነግሪያለሽ አለቻት። ከዚያም በአጥሩ ክፍተት በኩል ወደ ይመኙሻል ግቢ እያየች፣ «እኔ ያወራሁበት ቤት ሁሉ እየገባሽ ታወሪያለሽ» አለች። «አንድም ቤት አይቀርም። ልጄ አፍ ውስጥ የገባውን እንዴት እንደማወጣ ደግሞ እኔ አላውቅም፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።» ተመልሳ ገባች። በመስኮቱ በኩል ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀሚሷን ወደ ታች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ስትጎትትላት ታየች፤ ተጎትቶ ካለቀም በኋላ ትጎትተው ነበር።

ሀኪማ ለነገ አላቆየችውም። ወደ አጥሩ ሄዳ ተጣራች። ይመኙሻል እጇን እያደራረቀች መጣችና ጆሮዋን ወደ ክፍተቱ አስጠጋች። ሀኪማ ነገረቻት፤ ውሻው እንዳልነከሰ፣ ልጅቷን እንዳዳናት፣ እሷ አይታ ዝም እንዳለች። ይመኙሻል በየመሐሉ «እኔን፣ እኔን» ትላለች። «አንቺስ የት ነበርሽ?» አለች በመጨረሻ።

«በሩን ገርበብ አድርጌ ለአንድ አፍታ ማዶ ተሻግሬ ነበር።»

«እኔን» አለች ይመኙሻል፤ «አንድ አፍታ ማን የማይወጣ አለ ልጄ፣ ሰይጣን እኮ የሚጠብቀው እሷኑ ነው።»

ሀኪማ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች፤ ከራሷ አፍ የወጣውን ቃልም ያን ጊዜ ነው የሰማችው። አንድ አፍታ። ሁስና በየቀኑ እንዳሰፋችው እሷ ከመጀመሪያው ቤት ጀምራ ማጥበቧ ነው። የሰፈሩ ቤት ብዙ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለች የመጨረሻው ጋ ስትደርስ ከግቢው ወጥታም አታውቅም። በእጇ የአጥሩን እንጨት ያዘች።

«አንድ አፍታ አይደለም» አለች። «ሰብሃት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አራቱንም ማርሽ ተምሬ ጨርሼ ነበር።»

ይመኙሻል «እኔን» አላለችም።